የማኅበራትን የአማርኛ ሰነድ ለድረ ገጽ ማዘጋጀት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ድረ ገጽ ስሠራ አብዛኛውን ጊዜዬን የሚወስደው የሰነዱ ሥራ ነው። አንድ አባል ወደ ገጹ የሚመጣው መተዳደሪያ ደንቡን፣ የጠቅላላ ጉባኤውን ቃለ ጉባኤ ወይም የብድር ማመልከቻ ቅጹን ፈልጎ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የሚገኙት ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በፊት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ፣ ማለትም የራሳቸውን ፎንት በሚጠቀሙ የቆዩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ እንደተተየቡ ነው። በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦች እንድትጠቀሙበት የተማርኩትን አካፍላለሁ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር መስፈርት ውስጥ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ቀደምት ፎንቶች ሆሄያቱን ያስቀመጧቸው ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደቡ ቦታዎች ላይ ስለሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሰነዱ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ተደርድሮ ይታያል፤ መፈለጊያውም የሚያገኘው ያንኑ ድርድር ነው። በዚያ ላይ አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ስለነበረው ፊደሉን፣ አኃዙንና ሥርዓተ ነጥቡን በሙሉ መያዝ አልቻለም፤ በመሆኑም ሆሄያቱ በተለያዩ የፎንት ፋይሎች ተከፋፈሉ። አንዱ ኮድ (የቦታ ቁጥር) በመጀመሪያው ፋይል አንድ ሆሄ ሲሆን በሁለተኛው ሌላ ሆሄ ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ ጽሑፉን ገልብጦ ወደ መቀየሪያ ሣጥን መለጠፍ አያዋጣም፤ ሲገለበጥ የፎንቱ ስም ይጠፋል፤ ስሙ ከሌለ ደግሞ ኮዱ የትኛው ሆሄ እንደሆነ መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ያለው የዎርድ ፋይል በውስጡ የኤክስኤምኤል (በምልክት የተከፋፈለ ጽሑፍ) ፋይሎች የያዘ ዚፕ፣ ማለትም የታመቀ ጥቅል፣ ነው፤ የእያንዳንዱ የጽሑፍ ቁራጭ ፎንት ስምም በቁራጩ ላይ ወይም በስታይሉ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል። እኔ የቆዩትን ፋይሎች መጀመሪያ ሊብሬ ኦፊስ በተባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ወደዚህ ዓይነት እለውጥና ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቁራጭ በቁራጭ እያነበብኩ፣ በፎንቱ ስም መሠረት ኮዱን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይረውን ተገቢ የሆሄ ሰንጠረዥ እመርጣለሁ። አንድ ቃል ራሱ በሁለትና በሦስት ቁራጭ ተከፋፍሎ ሊገኝ ይችላል። በታይምስ ኒው ሮማን የተጻፈው የብር መጠንና የደብዳቤ ቁጥር ግን ሳይነካ እንዲያልፍ ማድረግ የግድ ነው፤ የአንድ አባል የአክሲዮን መጠን ወደ ሆሄ ከተቀየረ ሰነዱ ዋጋ የለውም።

ከለውጡ በኋላ የማልዘለው አንድ እርማት አለ። ብዙ ጸሐፊዎች አራት ነጥብን የሚጽፉት ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው፤ «፡፡» እና «።» ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። ካልተስተካከለ ጽሑፉን በዓረፍተ ነገር መከፋፈል ያስቸግራል።

በወረቀት ብቻ የቀሩትን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን አድርጌ ጽሑፋቸውን በቴሰራክት አነባለሁ፤ ቴሰራክት ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ሲሆን የአማርኛ ሞዴልም አለው። ማኅተም ፊርማውንና ስሙን በሸፈነበት ቦታ ንባቡ ይዛባል፤ «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለየው ቅጥያው ያለበት ከፍታ ብቻ ስለሆነ ደብዛዛ ቅጂ ላይ ይቀላቀላሉ። በዚህ ምክንያት የተነበበውን ጽሑፍ ከምስሉ በታች በማይታይ ሽፋን አስቀምጬ ባለማኅተሙን ገጽ እንዳለ አሳያለሁ። አንባቢው የሚያየው ዋናውን ሰነድ ነው፣ የተነበበው ጽሑፍ የሚያገለግለው ለፍለጋ ብቻ ነው።

የብድር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ የሰው ስምና የገንዘብ ሁኔታ ይይዛል፤ አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ፣ ባይኖርም እንኳ አባሉ ለማኅበሩ የሰጠው አደራ ስለሆነ፣ ለሕዝብ የሚወጣው ቅጂ ለብቻው መዘጋጀት አለበት ብዬ አምናለሁ። ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሣጥን መለጠፍ ስሙን አያጠፋውም፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ሊወጣ ይችላል። ስሙ ፒዲኤፉ ከመሠራቱ በፊት ከዎርዱ ፋይል መሰረዝ አለበት።

የገጹን ሥራ በተመለከተ ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክ የተባለውን የዩኒኮድ ፎንት ከገጹ ጋር አያይዤ እጭናለሁ፣ የመስመሩንም ርቀት ከላቲን ጽሑፍ ትንሽ ሰፋ አደርጋለሁ። ቀኖችን በጎርጎርዮሳዊው አስቀምጬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳያለሁ፤ የዛሬዎቹ አሳሾች ይህን ስሌት ራሳቸው ይሠሩታል።

በአሁኑ ጊዜ እየሠራሁ ያለሁት ፍለጋውን ነው። «ጸሐፊ» ብሎ የፈለገ አባል «ፀሀፊ» ተብሎ የተጻፈውንም ማግኘት ስላለበት፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ለፍለጋው ብቻ ወደ አንድ እመልሳለሁ፤ የሰነዱ አጻጻፍ ግን አይነካም። የቀረኝ እንደ «ቋ» እና «ቁዋ» ያሉትን ማገናኘት ሲሆን፣ በዚህ ላይ የሠራ ባልደረባ ካለ ሰንጠረዡን ቢያካፍለኝ እኔም የፎንት መቀየሪያ ሰንጠረዦቼን በደስታ እሰጣለሁ።