ገንዘቡን ማን ያደርሰዋል?

ሰሞኑን ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8ንና 9ን ደጋግሜ እያነበብኩ ነው። ወደዚያ የመለሰኝ የአባላት ስብሰባችን ነው። በኅብረታችን ካሉት አጥቢያዎች አንዷ የአምልኮ ቦታዋን አጥታ እርዳታ ጠይቃለች። አጀንዳው ገና ከመቅረቡ ለሁለት ተከፈልን። ገሚሱ «ኅብረቱ የመደበብንን ድርሻ እንክፈል» ሲል፣ ገሚሱ «እኛ ራሳችንን የቻልን አጥቢያ ነን፤ ማንም ድርሻ አይመድብብንም» አለ። ክርክሩ ሲከር አንዲት እናት ተነሡና «ገንዘቡን ማን ያደርሰዋል? ከእኛ ሰው ሄዶ እነዚያን ወገኖች በዓይኑ አይቶ ይምጣ እንጂ» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ጳውሎስ ያደረገው ይህንኑ ነው። በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች መዋጮ ሲያሰባስብ የቆሮንቶስን ጉባኤ የመሠረተው እሱ ራሱ ነበር፤ ማዘዝ አላቃተውም። ግን «እንደ ትእዛዝ አልልም» አለ፣ የሚሰጡትንም መጠን ለየልባቸው ተወው። ገንዘቡንም ብቻውን አልያዘም። የሚያደርሱትን ሰዎች ቆሮንቶሳውያን ራሳቸው እንዲመርጡ ጻፈላቸው፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድምም አብሮት ይጓዝ ነበር፤ በገንዘቡ ማንም እንዳይነቅፈው ነው። ሐዋርያ እንዲህ ከተጠነቀቀ የኅብረት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ድርሻ የሚመድበው በምን ሥልጣን ነው? ይህን ስል ግን የመቄዶንያ ምእመናንን አልረሳሁም። እነሱ ራሳቸው በከባድ ድህነት ውስጥ ሆነው በዚያ አገልግሎት እንዲካፈሉ አጥብቀው ለመኑ። «ራሳችንን የቻልን ነን» ማለት ላለመስጠት ሰበብ ሲሆን ያሳዝነኛል።

እ.ኤ.አ. በ1644 በለንደን ሰባት የባፕቲስት ጉባኤዎች የእምነት መግለጫ ሲያወጡ፣ እያንዳንዱ ጉባኤ ለብቻው የቆመ አካል ቢሆንም በሚያስፈልገው ሁሉ የሌሎቹን ምክርና እርዳታ እንዲሻ ጽፈዋል። ነጻነቱንና መደጋገፉን በአንድ አንቀጽ ነው ያኖሩት።

ከገንዘብ ይልቅ የሚከብደው አንድ አጥቢያ ሲታመም ነው። መሪው ሲያጠፋ፣ ሒሳቡ ሲሸፈን፣ «የውስጥ ጉዳያችን ነው» ተብሎ በር ይዘጋል። በራእይ መጽሐፍ ለሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መልእክት ተጽፏል፤ ኤፌሶን የሰርዴስ አለቃ አልተደረገችም። መጽሐፉ ግን ለሰባቱም ተልኳል። የሎዶቅያን ለብ ማለት ፊልድልፍያ ሰምታለች። በሌላው ላይ መሾም ሌላ ነው፣ ገመናን ለወንድም መግለጥ ሌላ። እኛ ግን ሁለቱን አደባልቀን፣ አለቃ እንዳይሾምብን ስንፈራ ወንድምንም ከደጅ መለስን።

በስብሰባው ሁለት ሰዎች ተመርጠው እንዲሄዱ ተወሰነ፤ የገንዘቡ መጠን እነሱ ሲመለሱ ይነገራል። እኔ በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የዓመት ሒሳባችንን ማንም ሳይጠይቀን ለሌሎቹ አጥቢያዎች እንላክ፣ እነሱም ከፈለጉ የራሳቸውን ይላኩልን። ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቢሆንም አቀርበዋለሁ።