ቡና ጠጡ በአራት ድምፅ

ቅዳሜ ከእናቴ ቁም ሳጥን አናት ላይ ኮተት ሳወርድ የድሮው ካሲዮ ተገኘ። በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ ገመዱ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ። እኔ ገና ምን እንደሆነ ሳላውቅ እናቴ ከታች ሆና "እሱን እንዳትጥለው!" አለች። ሠላሳ ዓመት ገደማ ማንም ያልነካውን ዕቃ እሷ በሐሳቧ ስትጠብቀው ኖራለች።

እኛ ቤት ስሙ ኦርጋን ነበር። ኪቦርድ የሚለውን ኋላ ነው የሰማነው። አክስቴ በ1980 ዓ.ም. ከጂዳ ስትመጣ ከሽቶና ከብርድ ልብስ ጋር ይዛው መጣች፣ ሰፈሩም ለሳምንት እኛ ቤት ከረመ። ሞዴሉ ኤስኬ-1 ይባላል፣ ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው። ቁልፎቹ 32 ብቻ ናቸው፣ እነሱም ለልጅ ጣት የተሠሩ ይመስላሉ፤ አባቴ አንዱን ልንካ ሲል ሁለት ይጫን ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ አንድ ቀን "ጥቁሮቹን ብቻ ንካ" አለኝ። ነካሁ። ትዝታ ወጣ! አምስቱን ጥቁር ቁልፎች እንዳሻህ ብትነካካቸው ከትዝታ ቅኝት አትወጣም፣ ይሄን ሳውቅ ራሴን ሙዚቀኛ አድርጌ ቆጠርኩ። አንቺሆዬ ላይ ስደርስ ግን ነጩንና ጥቁሩን ማደባለቅ ግድ ሆነ፣ ሙዚቀኛነቴም እዚያው አበቃ።

ግን የዚያ ዕቃ ጉዱ ሌላ ነው። ማይክ አለው። በተኗን ተጭነህ ድምፅ ታሰማዋለህ፣ እሱ ያንን ድምፅ ይይዝና ለሁሉም ቁልፎች ያድላል። የሚይዘው አንድ ሴኮንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። በዚያች ውስጥ ምን ይባላል? ውሻ አስጮህንበት፣ ሙቀጫ ወቀጥንበት፣ ታናሽ ወንድሜ አስነጠሰበት። በመጨረሻ አያቴን፣ እምዬን፣ "ቡና ጠጡ!" አስባልናት። ከላይኛው ጫፍ ስንነካ እንደ ጫጩት፣ ከታችኛው ስንነካ ድምፀ ወፍራም ቄስ። አራት ቁልፍ በአንድ ላይ ሲጫኑት ደግሞ አራት እምዬዎች በአንድ ጊዜ ጎረቤት ይጠራሉ። (ከአራት በላይ አይችልም።) ድምፁ ሻካራ ነበር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የምትጣራ ይመስል ነበር። ታዲያ ማሽኑ ሲጠፋ የያዘውን ይረሳል። እኛ የምንጠቀመው በሶኬት ነው፣ ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር እምዬም አብራ ትሄዳለች። መብራት ሲመጣ እንደገና "ነይ ድገሚልን" ነው።

ሰኞ መርካቶ ወሰድኩት። ጠጋኙ ወጣት ነው፣ ጀርባውን ከፍቶ ሳቀ። ከዘመን ዘመን ውስጡ የተረሱት ባትሪዎች ፈስሰው ብረቱን በልተውታል። "ጋሼ፣ ይሄ ድምፅ እኮ አሁን በአፕ አለ፣ ስልክዎ ላይ ይጭኑታል" አለኝ። እውነቱን ነው። ንጹሑን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክር ሶፍትዌር በገንዘብ ይሸጣል፣ የኤስኬ-1ን ጉሮሮ መዝጋት ለማስመሰል የሚደክሙ ሰዎች አሉ። እኔ ደግሞ ያኔ ይሄን ጉሮሮ ለማጥራት ማይኩ ላይ ጨርቅ ሳስር፣ ጨርቅ ስፈታ ነበር።

ልጁ እሁድ እሁድ ቸርች ኪቦርድ ይመታል። ስለዚህ ብረቱን እያጸዳ ወሬው ወደ ኦርጋን ሄደ፣ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ የማነበው ስለ ሐሞንድ ሆኗል። ላውረንስ ሐሞንድ የሚባለው አሜሪካዊ መሐንዲስና ሰዓት ሠሪ ነበር፣ ሙዚቀኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው ኦርጋን ውስጥ በሞተር የሚሽከረከሩ 91 ጥርሳም የብረት ጎማዎች አሉ፣ ድምፁ የሚመነጨው ከእነሱ ነው። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ከሥሩ ዘጠኝ የኤሌክትሪክ መገናኛዎች ይነካካሉ፣ እና እኩል በአንድ ቅጽበት ስለማይገጥሙ ከድምፁ በፊት "ቀጭ" የምትል ነገር ትሰማለች። ለሠሪዎቹ ይቺ ነውር ነበረች፣ ሊቀንሷት ለፍተዋል። ተጫዋቾቹ ግን ወደዷት፣ ለጃዝና ለጎስፔል እንደ ከበሮ ምት ሆነችላቸው። ዛሬ ቀይ ቀለም የተቀባው ኖርድ የሚባለው የስዊድን ኪቦርድ ውስጥ አንድም የሚሽከረከር ብረት የለም፣ ቀጭታዋ ግን አለች። ልጁ እንዳለኝ መጠኗንም እንደ ጨው ነው የምትመጥናት።

ከዚህም የሚያስቀው የሌስሊ ነገር ነው። ዶን ሌስሊ የሐሞንዱ ድምፅ ደረቀብኝ ብሎ ውስጡ የሚሽከረከር ስፒከር ሠራ፣ ያ የሚዋኝ የሚመስል ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። ለሐሞንድ ቢያቀርብለት አልፈልግም ተባለ። አሁን ሁለቱም ስሞች በአንድ የጃፓን ኩባንያ እጅ ናቸው፣ ሐሞንድን ያለ ሌስሊ ማሰብም ጥብስን ያለ ቃሪያ እንደማሰብ ነው። ቢ-3 የተባለው እውነተኛው ሐሞንድ ከነመቀመጫውና ከነፔዳሉ ወደ 190 ኪሎ ይመዝናል። ልጁ የራሱን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ ሚኒባስ ይሳፈራል።

ሁሉም መልሶ ማምጣት ግን አንድ አይደለም። ኮርግ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ቮክስ ኮንቲኔንታል የተባለውን የድሮ ኦርጋን ስምና መልክ፣ ካሲዮም በ2019 ካሲዮቶን የሚለውን የድሮ ኪቦርዶቹን ስም መልሰዋል። የኮርጉን ነክቼው አላውቅም። ካሲዮቶኑን አንድ ዕቃ ቤት ሞከርኩት፣ ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ምንም አላለኝም። ስሙ ተመለሰ እንጂ ዕቃው አልተመለሰም።

ስለ እኛ ካነሳን ደግሞ ኃይሉ መርጊያን መዝለል አይቻልም። የዋሊያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፣ ኋላም ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዱ። የመኪናው ፖርታ ባጋጅ ውስጥ ኪቦርድ ይዘው ይዞሩ ነበር፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቁ አውጥተው መኪናው ውስጥ ይለማመዳሉ። በ1985 ብቻቸውን የቀዱት ካሴት አለ፦ አኮርዲዮን፣ ከዚያም ሮድስ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ-7 የሚባሉ ኪቦርዶች። ይህ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ የውጭ አገር ወጣቶች በፍቅር ወደቁለት፣ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ እንዲህ ያለውን ድምፅ "የካርቶን ሙዚቃ" ነበር የምለው። ኪቦርድ ገብቶ ሳክስና ትራምፔቱን አባረረብን እያልን ሻይ ቤት ስንማረር አስታውሳለሁ። ምሬቱ ውሸት አልነበረም፤ ስንት ነፋሽ ሥራ ፈትቷል። ግን ያንን ካሴት አሁን ሳዳምጥ አኮርዲዮኑ በዚያ ቀዝቃዛ የማሽን ድምፅ መሀል እንደሚተነፍስ ሰው ነው የሚሰማኝ፣ በሙሉ ባንድ ቢቀዳ ኖሮ እንዲህ ብቸኛ የሚሆን አይመስለኝም።

ሐሙስ ማታ ካሲዮውን ይዤ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ስምንት መቶ ብር ወጥቶበታል፣ ሁለት ቁልፎቹ ዛሬም አይሰሙም። የስምንት ዓመት ልጄ ከእጄ ነጥቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እናቴን "ነይ ንገሪው" አልኳት፣ በተኗን ተጫንኩ።

"ምን ልበል?" አለች።

እሱኑ ያዘው። ልጄ አራት ቁልፍ በአንድ ላይ ጨፈለቀች፣ አራት እናቶቼ በአንድ አፍ "ምን ልበል?" አሉ። ልጅቷ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ እናቴ ጎሮሮዋን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቆማ "ቡና ጠጡ!" አለች።

ልጄ መሀል ላይ ያለውን ቁልፍ ነካች።

እናቴ አልሳቀችም። "ድገሚው" አለቻት። ደገመችው። ያው ሻካራ ድምፅ፣ ያው ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚመጣ። እናቴ በተፈጥሮዋ ድምፀ ቀጭን ናት፣ ከእምዬ ጋር በድምፅ ትመሳሰላለች ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። "እሷ ናት እኮ" አለች። ልጄ "ማን?" ብላ እኔን አየችኝ፣ መልስ ሳልሰጣት ሦስተኛ ጊዜ ነካችው፣ አራተኛም።

አምስተኛው ላይ መብራት ሄደ።

ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ እናቴ በጨለማው ሻማ ፍለጋ መሳቢያውን እየከፈተች "ግድ የለም፣ ሲመጣ ደግሜ እለዋለሁ" አለች።