ብርድ ልብስ ለአርባ ምንጭ፦ ታናሽ እህቴ ግቢ ልትገባ ስትዘጋጅ

የአዲስ ተማሪዎች ምደባ ይፋ በሆነ ሰሞን ዩኒቨርሲቲዎች የሚለጥፉት የጥሪ ማስታወቂያ እርስ በርሱ እጅግ ይመሳሰላል። የምዝገባው ቀናት ይጠቀሳሉ፤ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትና ጥቂት ጉርድ ፎቶግራፎች ይጠየቃሉ፤ መጨረሻ ላይም አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ መያዝ እንደሚያስፈልግ ይነገራል። ማስታወቂያው ተመሳሳይ ቢሆንም ተማሪው የሚሄድበት አገር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥልባታል። ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች ናት፤ እዚያ ብርድ ልብስ ይዞ የሚሄድ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ አጣጥፎ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ዝግጅት መጀመር ያለበት ከገበያ ሳይሆን የተመደቡበትን ቦታ በደንብ ከመጠየቅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቤታችንም ሰሞኑን የተጨቃጨቀው በዚሁ ጉዳይ ነው።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ የተመደበችው አርባ ምንጭ ነው። እናታችን ምደባውን እንደሰማች በመጀመሪያ ያወጣችው ከቁም ሣጥን ውስጥ የነበረውን ወፍራም ብርድ ልብስ ሲሆን ቀጥላ ደግሞ ጋቢዋን ጨመረችበት። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አቅራቢያ ያለች ሞቃት ከተማ መሆኗን ባስረዳትም «ቀኑ ቢሞቅ ሌሊቱ ይሞቃል ያለሽ ማነው?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ደብረ ብርሃን ለሚሄድ ልጅ ከማንኛውም ብርድ ልብስ እመርጥለታለሁ። ለአርባ ምንጭ ግን ስስ ብርድ ልብስና ሁለት ቅያሪ አንሶላ ይበቃል፤ በጋቢው ቦታ መግባት ያለበት ማስታወቂያው የማይጠቅሰው አጎበር ነው። አካባቢው ወባ ያለበት በመሆኑ አጎበር የሌለው አልጋ ላይ መተኛት አይገባም፤ ተደራራቢ አልጋ ላይ አጎበር ለመስቀል ደግሞ ጥቂት ሜትር ሲባጎ ያስፈልጋል። ከታች የሚተኛ ሰው ከላይኛው አልጋ ብረት ላይ ያስረዋል፤ ከላይ የሚተኛ ግን ከግድግዳው ምስማር ፈልጎ ነው የሚያስረው።

ቦታን ማወቅ ሲባል የከተማውን ስም ማወቅ ብቻ አይደለም። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ ከዋናው ግቢ ሌላ አባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎና ነጭ ሣር የሚባሉ ግቢዎች አሉት፤ ሳውላ የሚባለው ግቢ ግን ጎፋ ውስጥ፣ ጨርሶ ሌላ ከተማ ላይ ነው። አርባ ምንጭ ደርሶ መናኸሪያ ላይ «የትኛው ግቢ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ማጣት ከድካም ጋር ተደምሮ ያስለቅሳል። ከተማዋ ራሷም ሲቀላና ሴቻ በሚባሉ ሁለት ሰፈሮች የተከፈለች ስለሆነች የትኛው ሰፈር ላይ እንደሚወረድ አስቀድሞ ማጣራት ይጠቅማል። እህቴ ይህን ሁሉ ያወቀችው እዚያው ከሚማሩ የሰፈራችን ልጆች ነው፤ ከማንኛውም ገጽ ይልቅ እነርሱን መጠየቅ ያዋጣል።

እህቴ የዶርም ኑሮ የማላውቀው አይደለም ብላ ትከራከራለች። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እየተሰጠ ስለሆነ እርሷም እንደ ብዙ እኩዮቿ ጥቂት ሌሊቶች ግቢ ውስጥ አድራለች፣ በካፌው ሰልፍም ቆማለች። ነገር ግን ያ የእንግድነት ቆይታ ነው። ፈተና ላይ ያለ ልጅ ልብስ አያጥብም፣ ገንዘቡ አለቀ አላለቀ ብሎ አያስብም፣ ክፍል ከሚጋራው ልጅ ጋር መብራት ስንት ሰዓት ይጥፋ በሚለው አይከራከርም። ደግሞም ስልክ ይዞ መግባት የተከለከለ ስለነበር አሁን ዶርምን ከሚያጨናንቁት ነገሮች ዋነኛው፣ ማለትም ለአንድ ሶኬት የሚደረገው ሽሚያ፣ ያኔ አልነበረም። ከሻንጣዋ ውስጥ እኔ ራሴ የገዛሁላት ብቸኛ ዕቃ ባለ ሦስት ሜትር ገመድ ዲቫይደር ነው፤ ዲቫይደር ያላት ልጅ ዶርም ውስጥ በፍጥነት ወዳጅ ታፈራለች።

ሻንጣን የሚወስነው ክፍሉ ነው። ክፍሉ እንደየግቢው ለአራት፣ ለስድስት ወይም ለስምንት ተማሪ የሚሆን ነው፤ አልጋዎቹ ተደራራቢ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰውም አንድ ጠባብ የብረት ሎከር ነው። ያ ሎከር መጽሐፍ፣ ልብስ፣ ስንቅ፣ ሳሙናና ሰነድ ሁሉ የሚገባበት ብቸኛ ቦታ ስለሆነ ከቤት የሚወጣው ዕቃ ልክ የእርሱ ልክ ነው። ከሎከሩ የተረፈ ነገር አልጋ ሥር ይገባል፤ አልጋ ሥር ያለ ነገር ደግሞ ወለል ሲታጠብ ይርሳል፣ ሲጠፋም ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ሎከሩ ጓጉንቸር ቁልፍ አይኖረውም፤ እርሱን ተማሪው ይዞ ይሄዳል። ጓጉንቸሩ ወፍራም ከሆነ በአንዳንድ ሎከር ቀለበት ውስጥ አያልፍም፤ ስለዚህ መካከለኛ መግዛትና ሁለት መለዋወጫ ቁልፉን በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

ዶርም ሲሰጥ የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ፕሮክተሩ ወይም ፕሮክተሯ፣ አልጋውን፣ ፍራሹን፣ ሎከሩንና የክፍሉን ቁልፍ በቅጽ ላይ መዝግበው ያስፈርማሉ። አዲስ ተማሪ ደክሞት ስለሚደርስ ሳያይ ይፈርማል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ክሊራንስ፣ ማለትም የተረከቡትን ዕቃ መመለስን የሚያሳይ ማረጋገጫ፣ የሚጠየቀው ግን በዚያ ፊርማ ነው። እህቴን የሎከሩን በር ከፍታ እንድትዘጋ፣ የመስኮቱን መስታወት እንድታይ፣ ፍራሹንም ገልብጣ እንድትመለከት ነግሬያታለሁ። የተሰበረ ነገር ካለ ከፊርማው በፊት ቅጹ ላይ እንዲጻፍላት መጠየቅ መብቷ ነው፤ ይህን ለማለት ድፍረት የሚያጥራት ከሆነ ደግሞ በስልኳ ፎቶ ታንሳው።

ስለ ውኃ ብዙ አልጽፍም፤ ውኃ የማይቋረጥበት ግቢ ብርቅ መሆኑን የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። አምስት ሊትር የምትይዝ ጀሪካን፣ ልብስ ማጠቢያ ሳፋና ሻወር ቤት የሚገባበት ነጠላ ጫማ ግድ ናቸው። ሳፋና ጀሪካን ግን ከአዲስ አበባ ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ተማሪ በሚገባበት ሳምንት በሳፋና በጀሪካን ይጥለቀለቃል። ሲቀላ ገበያ ላይም እንደማይጠፋ ነግረውናል።

ስንቅ ላይ ግን ከእናታችን ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማምቻለሁ። የካፌው ምግብ ሆድ ይሞላል፤ ሽሮውና ምስሩ ዓመቱን ሙሉ በየተራ ይመጣሉ፤ ሆኖም እራት በጊዜ ስለሚበላ ሌሊት የሚያጠና ተማሪ በአምስት ሰዓት ላይ ይርበዋል። የዚያን ሰዓት ረሃብ የሚያስታግሰው በሶ ነው፤ በሶ እሳት አይፈልግም፣ ዶርም ውስጥ ደግሞ ምድጃ መሰካት ክልክል ነው። እናታችን ገብሱን ለቅማ፣ አምሳና ፈትጋ፣ ቡናማ እስኪመስል ድረስ ቆልታ አስፈጨችው፤ ወፍጮ ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ዱቄቱ ሙቀቱ ሳይወጣለት ከታሰረ እንደሚሻግት ስለምታውቅ ሰፌድ ላይ ዘርግታ አሳደረችው። እህቴ በጥብጣ በስኳር ልትጠጣው ትችላለች፤ በጥቂት ዘይትና በሚጥሚጣ አሽታ ጭብጦ ልታደርገውም ትችላለች። ዳቦ ቆሎም ተሠርቷል። ጭኮ ግን ለሞቃት አገር አይመከርም፤ ቅቤው ቀልጦ ከሎከር ውስጥ ያለውን ልብስ ሁሉ ያጠጣዋል። ስንቁ በዛ ያለ እንዲሆን የፈለግነው ለራሷ ብቻ ብለን አይደለም። የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ የማይተዋወቁ ልጆች አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሲተያዩ ዝምታውን የሚሰብረው አንዷ ፌስታሏን ፈትታ «ቅመሱ» ስትል ነው። እኔ ከአርሲ ከመጣችው የዶርም ጓደኛዬ ጋር የተዋወቅነው እንዲሁ ነው፤ ዛሬም እንደዋወላለን።

እዚህ ላይ ስለ ዶርም ጓደኞች አንድ ነገር ልበል። ክፍል የሚደለደለው አብዛኛውን ጊዜ በስም ዝርዝር ቅደም ተከተል ስለሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ከሦስት ክልል የመጡ፣ አፍ የፈቱበት ቋንቋና ሃይማኖታቸው የተለያየ ልጆች ይገናኛሉ። አንዷ ለሱብሒ ሶላት ትነሣለች፣ አንዷ ለኪዳን ትወጣለች፣ አንዷ እስከ እኩለ ሌሊት ስትቸክል አምሽታ ጠዋት መተኛት ትፈልጋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ መብራት፣ ስለ ስልክ ድምፅና ስለ ጽዳት ተራ ቁጭ ብሎ መነጋገር ኋላ የሚመጣውን ኩርፊያ ያስቀራል። ወላጆች ልጃቸውን ለዚህ ሲያዘጋጁ አላይም፤ «ከማንም ጋር አትግጠሚ» ብለው ነው የሚሸኙት። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ስድስት ሆኖ በአንድ ክፍል ለሚኖር ሰው አይሠራም።

ሰነዶቹን በሚመለከት ቤታችን ውስጥ የወጣው ሕግ ቀላል ነው፦ ዋናው ሰነድ ሁሉ በአንድ ክላሰር ሆኖ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሆናል፤ አውቶቡስ ላይ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የእያንዳንዱን ፎቶ አንስታ ቴሌግራሟ ላይ ለራሷ ልካለች፤ የፋይዳ መታወቂያዋንም እንዲሁ። ኮፒው እዚህ ተዘጋጅቷል፤ በምዝገባ ቀን ግቢ በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሰልፉ ረጅም፣ ዋጋውም የዕለቱ ነውና።

ከሰነድ ጋር አብሮ የሚመጣው የወጪ መጋራት ውል፣ ተማሪዎች ኮስት ሼሪንግ የሚሉት፣ ከሁሉም ይልቅ ቸል የሚባለው ጉዳይ ነው። ውሉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን እንዲሁም ከትምህርት ወጪው የተወሰነውን ድርሻ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ለመክፈል የሚገባው ግዴታ ነው። ካፌ የሚበላና ነን ካፌ የሆነ ተማሪ አኗኗራቸው ይለያያል፤ ነን ካፌ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ተቀብሎ ራሱን ይመግባል። እንደ እኔ እምነት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ካፌ መሆን አለበት። ገንዘቡ በወር መጀመሪያ ብዙ ይመስላል፤ ወሩ ሳይጋመስ ግን ልጁ ከቤት ብር እንዲላክለት ይደውላል። አባታችን የኪስ ገንዘቧን በየሁለት ሳምንቱ በቴሌብር ሊልክላት ተስማምቷል፤ በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይህ ይሻላል ያልኩት እኔ ነበርኩ፣ እህቴ ግን እስካሁን አልተቀየመችኝም አልልም።

ላፕቶፕ ይገዛ አይገዛ የሚለውም ተነሥቶ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት የፍሬሽማን ዓመት ሆኗል፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የመሳሰሉት ናቸው። ሞጁሎቹ በቴሌግራም ይዘዋወራሉ፤ በስልክም ይነበባሉ። ዲፓርትመንት የሚመረጠው በዚያ ዓመት በሚመጣው ውጤት ስለሆነ ገንዘቡ ካለ ላፕቶፑ የሚማሩት ነገር ከታወቀ በኋላ ቢገዛ እመርጣለሁ። ብድር ገብቶ ከመግዛት ደግሞ ጨርሶ መተው ይሻላል።

አባታችን እስከ ዶርሟ ድረስ አድርሼ እመለሳለሁ ይላል። በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ሲኬድ ጉዞው ከ400 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በሻሸመኔ በኩል ደግሞ ወደ 500 ይጠጋል፤ ከልጁ ጋር መጓዙ መንገዱን ለምንፈራው ለእኛ እፎይታ ነው። ነገር ግን በምዝገባ ቀን ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ዋናው በር ላይ ነው፤ የሴቶች ዶርም አካባቢ ደግሞ አባት ቀርቶ ወንድ ሠራተኛም ያለፈቃድ አይደርስም። እንግዲህ ከበሩ እስከ ሕንፃው፣ ከዚያም እስከ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ሻንጣውን የምትሸከመው ራሷ ናት። ስለዚህ ትናንት ሁሉንም ዕቃ አስገብታ ሻንጣውን አንሥታ ደረጃ እንድትወጣ አደረግናት። ሁለት ጂንስ፣ አንድ የብረት ድስትና ወፍራሙ ብርድ ልብስ ወጡ፤ በሶው ግን ሻንጣው ውስጥ ቀረ። አሁን የሚጠበቀው የምዝገባው ቀን መረጋገጥ ብቻ ነው፤ ማስታወቂያው ከቀኑ ቀድሞ የሚመጣን ተማሪ እንደማያስተናግዱ ስለሚናገር ትኬቱ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።