ሎዱ ሰማይ ነክቷል፣ ሲፒዩው ግን ተኝቷል

ዛሬ ቀኔን የበላው የቢሮው ፋይል ሰርቨር ነው። ጠዋት ሰው ሁሉ በአንዴ ሲገባ «ፎልደሩ አልከፈት አለኝ» የሚል ስልክ ይጎርፋል። ሰርቨሩን ስታዩት ሲፒዩው ሥራ ፈት ነው፤ ሎዱ (እየሠሩ ወይም ተራ እየጠበቁ ያሉ ሥራዎች ብዛት) ግን ጣሪያ ነክቷል። አለቃችን ቁጥሩን አይቶ «አዲስ ማሽን እንግዛ እንዴ?» እስከማለት ደርሶ ነበር 😅

ሊኑክስ ላይ ዲስክ እየጠበቀ የቆመ ትሬድም (አንድ ሥራ የሚያስኬድ የፕሮግራም ክፍል) ሎድ ውስጥ ይቆጠራል። ፋይሎቹን በኔትወርክ የሚያጋራው ኤንኤፍኤስ ደግሞ ጥያቄ የሚያስተናግደው ኤንኤፍኤስዲ በሚባሉ ትሬዶች ነው፤ የኛ ሰርቨር ላይ ማንም ነክቷቸው ስለማያውቅ 8 ብቻ ነበሩ። ስምንቱም ዲስክ ላይ ከተያዙ ቀጣዩ ጥያቄ ወረፋ ይጠብቃል።

የድሮ መመሪያዎች ኤንኤፍኤስ ሰርቨሩ በሚያወጣው ስታቲስቲክስ ውስጥ «ቲኤች» በሚለው መስመር ላይ ያሉትን ቁጥሮች አይታችሁ የትሬዶቹን ብዛት ወስኑ ይላሉ። አትድከሙ! ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ትሬዶቹ ምን ያህል እንደተያዙ እዚያ መቁጠር ከተወ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከትሬዶቹ ብዛት ቀጥሎ የምታዩት ዜሮ ብቻ ነው።

የትሬዶቹን ብዛት ወደ 32 አሳደግኩት። ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም፣ ወዲያው ይሠራል። ሪስታርት ሲደረግ ወደ 8 እንዳይመለስ ግን ኮንፊግ ፋይሉ ላይም መጻፍ አለበት። ስልኩ ጋብ አለ።

«128 አድርገውና ተገላገል» ያልከኝ ወዳጄ፣ ዲስኩ እኮ ያው አሮጌው የሚሽከረከር ዲስክ ነው! ወረፋውን ከትሬዶቹ ወደ ዲስኩ ከማዛወር ሌላ የሚያመጣው ነገር የለም። ለሱ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ጠይቄያለሁ፤ ግዢ ክፍል ካሰበበት።