ተተኪ አገልጋይ ማውጣት፦ በአጥቢያችን የሠራነው

በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አጥቢያችን ሽማግሌ ሆኜ ስመረጥ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ የተተኪ ነገር ነበር። ሽማግሌዎቹ ደክመዋል፣ ወጣቶቹ መዘምራን ውስጥ ናቸው፣ መካከሉ ባዶ ነው። ለስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር «የሚረከበን ሰው ጠፋ» ይባላል። ሰው ጠፍቶ ነው ብዬ ግን አላመንኩም፤ ዛሬም አላምንም።

ታሪካችንም ይህን አያሳይም። በ1929 ዓ.ም. ወንጌል ይሰብኩ የነበሩት የውጭ አገር ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ 10 ሺህ ያህል ሆነው ጠበቋቸው። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው አልነበረም፤ የሥነ መለኮት ኮሌጅም አልነበረም። በደርግ ዘመንም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲታሸጉ ምእመናን በየቤቱ ተሰባሰቡ፤ ለየቤቱም የሚመራ ሰው ተገኘ። እነዚያን ሰዎች ያወጣቸው የተጣለባቸው ኃላፊነት ነው።

እኛ ግን መሪ የምንፈልገው መድረክ ላይ ነበር። ጥሩ የሚሰብክ፣ ጥሩ የሚዘምር። እኔ በየቤት ለቤት ኅብረቱ፣ ማለትም ምእመናን በየሰፈሩ ቤት ውስጥ በሚሰባሰቡባቸው ትናንሽ ቡድኖች፣ እየዞርኩ ሌላ ነገር ጠየቅሁ፦ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? ለቅሶ ቤት የሚያስተባብረው ማን ነው? ባልና ሚስት ሲጋጩ ማን ይጠራል? የተነገሩኝ ስሞች ማይክ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሴቶች።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሳ። «እህቶች ያገልግሉ፣ መምራት ግን ይቆየን» ያሉ ነበሩ። ጥቅስ ከመማዘዝ ይልቅ በጣም የምናከብራቸውን አንድ አባት አንዲት እህት ወደምትመራው ኅብረት ይዣቸው ሄድኩ። ሲወጡ «ልጄ፣ ይህቺን እስከ ዛሬ የት ደብቃችኋት ነው?» አሉኝ። በቀጣዩ ስብሰባ ስለ እሷ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ኅብረት መሪ አንድ ምክትል መደብን። በፈረቃ ምክትሉ ይመራል፣ መሪው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ እርማት ካለው ሰው ከተበተነ በኋላ ለብቻው ይነግረዋል። መሪዎቹን ዝም ማሰኘት ምክትሎቹን ከማናገር ይልቅ ከበደን! በሰው ፊት የታረመ ወጣት ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። ይህን በጥብቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ገንዘብ ነው። የችግረኞች መርጃውን ለሦስት ምክትሎች እናስረክብ ስል ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ስጋታቸው ተገቢ ስለነበር ደንብ አበጀንለት፦ ሦስቱም ይፈርማሉ፣ ወጪው ጣሪያ አለው፣ በየወሩ ሪፖርት ይቀርባል። ለአንዲት መበለት የቤት ኪራይ ይከፈል ወይስ ለአንድ ተማሪ ደብተርና ልብስ ይገዛ ብሎ መወሰን፣ የተከለከለውን ሰው ዓይን እያዩ ማስረዳት፣ ይህ የትኛውም ሥልጠና የማይሰጠው ትምህርት ነው።

ነባሮቹ ቦታ የማይለቁት ሥልጣን ወደው ነው የሚለውን ሐሜት አልቀበልም። ብዙዎቹ የሚፈሩት ከወረዱ በኋላ ጠያቂ ማጣትን ነው። ስለዚህ የአገልግሎት ዘመንን የሚወስን አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችን ስናስገባ፣ ለሚያስረክቡት የዕርቅና የጋብቻ ምክር አገልግሎትን አብረን ሰጠን። በክብር ተሸኝተው በክብር ይጠራሉ።

ያሠለጠንነው ሰው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ በፊት እናዝን ነበር። አሁን ባሉበት የጸሎት ኅብረት የሚመሩ ስላሉ በስማቸው እየጠራን እንጸልይላቸዋለን፤ ምክትልም ከመሄዳቸው በፊት ይተካሉ።

የገጠር አጥቢያዎቻችን ግን ገና ናቸው። አንድ ወንጌላዊ በእግሩ እየተጓዘ ብዙ ቦታ ያገለግላል፤ በእርሻና በአጨዳ ወቅት ሥልጠና ብንጠራ የሚመጣ የለም። ስለዚህ እህሉ ከገባ በኋላ እኛው ወደ እነሱ ለመሄድ ተስማምተናል፤ ከወንጌላዊው ጋር የሚዞሩትን ሰዎችም ምእመናኑ ራሳቸው እንዲመርጡ ጠይቀናል።