አቶ አይሆንም እሺ ያለ ዕለት

የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ሲሰጥ፣ ያ ሰው የቀሩትን ከየትም ብሎ ያመጣል። እኔ ጨረታ ክፍል ብቻዬን ስቀር ሦስት ፈጠርኩ።

ሦስቱም ኤአይ ናቸው። ጠበቃው የጨረታ ሰነዱን አንብቦ መሟላት ያለበትን ያወጣል። ወይዘሮ ሳንቲም ዋጋ ትደምራለች፣ 15 በመቶ ቫት ተረስቶ እንደሆነ ታያለች። የአቶ አይሆንም ሥራ መቃወም ብቻ ነው። መመሪያውን ስጽፍለት በልቤ የያዝኩት የአንድ የቀድሞ አለቃዬን ጠባይ ነበር። "ማንም ያለውን ሳታጣራ አትቀበል፤ አታመስግን፤ ስህተት ፈልግ" እያልኩ ሦስት አንቀጽ ሞላሁ። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ሁሉ ያዝናናኝ ይሄኛው ነው።

ሁለት ወር ያህል ጥሩ ሄደ። አንዴ እንደውም ለጨረታ ማስከበሪያ የምናስይዘው የባንክ ሲፒኦ መጠን ከተጠየቀው ማነሱን አቶ አይሆንም ያዘልኝ። ሥራ አስኪያጃችን በየስብሰባው "ዲጂታል ቡድናችን" ማለት ጀመረ። ቡድኑ እኔ ነኝ።

ያን ዕለት የፕሪንተርና የቶነር ጨረታ ነበረን። ያው እንደተለመደው ኦርጅናልና ኮፒ፣ ቴክኒካልና ፋይናንሻል ለየብቻ ታሽጎ። ጠዋት 2፡30 ላይ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሒሳብ ክፍል ያሉት ጋሼ (ሁላችንም ጋሼ ብቻ ነው የምንላቸው) ፖስታዎቹን በፌስታል አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆሙ።

"አትነሳም እንዴ?"

"ገና ነው ጋሼ። የሚዘጋው ከሰዓት 10 ሰዓት ነው።"

"ሰነዱ ከጠዋቱ 4፡00 ነው የሚለው።"

"ሦስቱም አይተውታል እኮ።"

"ሦስቱ እነማን ናቸው?"

ይቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ለቀራቸው ሰው ከየት ይጀመራል? ጀመርኩ።

"ጠበቃው፣ ወይዘሮ ሳንቲም… አቶ አይሆንም…"

"እሱ ደግሞ የየትኛው ክፍል ነው?"

ስክሪኑን አዞርኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው አነበቡት። ጠበቃው "ከጠዋቱ 4፡00 ላይ መሥሪያ ቤቶች ስለማይከፈቱ የትየባ ስህተት ይመስላል፤ 16፡00 ተብሎ ቢወሰድ ይሻላል" ብሏል። ወይዘሮ ሳንቲም በዚያው ፕሮግራም አውጥታለች። አቶ አይሆንም፣ ያ ሁሉ አንቀጽ የፈሰሰበት ሰውዬ፣ "ጠበቃው ይህን ማስተዋሉ የሚደነቅ ነው" ብሎ አልፏል።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሦስቱም አንድ ቤት ነው እንዴ ያደሩት?"

እኔ በሁለት ወር ያልገባኝ ለእሳቸው በሁለት ደቂቃ ገባቸው። ስም ብሰጣቸው፣ ጠባይ ብሰፋላቸው፣ ከሥር ያለው ሞዴል አንድ ነው። ለእሱ ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ገና ያልነጋ ሌሊት ነው። ቀኑን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የሚቆጥር ሕዝብ መኖሩ ሲጠይቁት ያውቀዋል፤ ካልጠየቁት ትዝ አይለውም። በዚያ ላይ አንዱ የጻፈውን አንብቦ ነው ሌላው የሚጀምረው። እንዲህ አድርጌ ያሰለፍኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ።

ራይድ ጠርተን ከገርጂ ሜክሲኮ በረርን። በረርን ስል፣ መስቀል አደባባይ ጋ ቆመን ሾፌሩ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ጨርሶ እስኪያወራን ድረስ ማለቴ ነው። 3፡52 ላይ ሳጥኑ ውስጥ ከተትነው።

ጨረታውን አላሸነፍንም። በዋጋ ተበለጥን። ይህን ወይዘሮ ሳንቲም ላይ አላላክክም፤ መጨረሻ ላይ ትርፍ የጨመረው ማን እንደሆነ ቢሮው ያውቃል። በወሩ ሪፖርት ላይ ግን "ሰነዱ በሦስት ኤአይ ኤጀንቶች ተፈትሾ በሰዓቱ ገብቷል" ተብሎ ተጻፈ። ጋሼ ሪፖርቱ ላይ የሉም።

ቢሮ ስመለስ በንዴት አቶ አይሆንምን ጠየቅኩት። "ትክክል ነዎት፣ ሰዓቱ 4፡00 ነው፤ በጣም ጥሩ አስተውለዋል" አለኝ። ልፈትነው ብዬ "ይቅርታ፣ ለካ ተሳስቼ ነው፤ ከሰዓት 10 ሰዓት ነው" አልኩት። "ትክክል ነዎት" አለ። ይህ አመል የእኔ አይሆንም ብቻ አይደለም፤ ሚያዝያ 2017 ላይ የቻትጂፒቲ ሠሪው ኦፕንኤአይ ራሱ የጂፒቲ-4ኦ ሞዴሉን አንድ ማሻሻያ፣ ለሰው አጨብጫቢ ሆነ ብሎ መልሶ ወስዶታል። የቀድሞ አለቃዬ ግን አንድ ቀን "ትክክል ነህ" ብሎኝ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቀኝ።

አሁን አራተኛ ጨምሬያለሁ። ስሙ ጋሼ ነው። መመሪያው አጭር ነው፦ ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌሎቹ ያሉትን ሳታይ ሰነዱን ራስህ አንብብ። ዋናው ጋሼ ሲሰሙ ሳቁ።

"ደሞዙ ስንት ነው?"

"ደሞዝ የለውም ጋሼ።"

"እሱ እንኳ እኔን ይመስላል" አሉና ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወጡ።