54 ልጅ፣ 12 ታብሌት፦ በብዜት ልምምድ ፕሮግራም ላይ የተማሪ አካውንት እንዴት እንደምይዝ

በኢንተርኔት የሚሠራ የብዜት ልምምድ ፕሮግራም ለክፍሉ የከፈተ መምህር መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ሪፖርቱ ላይ ነው። ማን ቀይ (የስህተት ምልክት) አለበት፣ ማን 7 በ8 ላይ ተሰናከለ። እኔ ሪፖርቱን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በፈረቃ በሚያስተምር፣ አንድ ክፍል 54 ልጅ በሚይዝ ትምህርት ቤት ውስጥ ቀዩ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ብዜት አይደለም። ልጁ በጓደኛው አካውንት ገብቷል፣ ወይም ስሙ ሁለት ቦታ ተመዝግቧል፣ ወይም ታብሌቱ ጣቱን አልሰማውም። አካውንቱ ካልጠራ ሪፖርቱን ማንበብ ትርፉ ድካም ነው። ከዚህ በታች ያለው 4ኛ ክፍል ላይ የምጠቀምበት አሠራር ነው።

ከሁሉም ጊዜ የሚበላውም የሚያዋጣውም ስም ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው አገር ስለሆነ ሁለት ሳጥን ይሰጣሉ፤ አንዱ ለራስ ስም፣ ሌላው ለቤተሰብ ስም። ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ የአባት ስም ሲገባ ፕሮግራሙ ክፍሉን በአባት ስም ተራ ይደረድረዋል። ያኔ ዝርዝሩ ከስም መጥሪያው ጋር አይገጥምም፤ ውጤት ወደ ሮስተር ሲገለበጥ አንድ መስመር መዝለል ወይም መድገም የሚመጣው ከዚህ ነው። እኔ የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ የስም መጥሪያውን ተራ ቁጥርና የልጁን ስም አብሬ አስገባለሁ፤ «07 ናሆም»። ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ የአባቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ፤ «ደ»። ከዚያ ዝርዝሩ በራስ ስም እንዲደረደር አደርጋለሁ። ቁጥሩ 7 ሳይሆን 07 መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ስለሚያየው 7 ተብሎ ከተጻፈ 10 እና 11 ከ2 ቀድመው ይመጣሉ። በዓመቱ መሀል መልቀቂያ ይዞ የሚመጣ ልጅ፣ ከዘጌም ይሁን ከሌላ ትምህርት ቤት፣ የመጨረሻውን ቁጥር ተከትሎ ይገባል። የለቀቀ ልጅ ቁጥር ደግሞ ለሌላ አይሰጥም። ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ማስተካከል ንጹሕ ይመስላል፤ ግን ልጆቹ የለመዱትን ቁጥር ያፈርሳል።

በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ወይስ በላቲን? ፕሮግራሙ ግዕዝ የሚቀበል ከሆነ እኔ በግዕዝ ነው የምጽፈው፤ ልጁ ስሙን ቶሎ ያገኘዋል። ግን 54ቱንም ከማስገባት በፊት በአንድ የሙከራ አካውንት መግባት፣ መውጣትና ሪፖርቱን ማውረድ ያስፈልጋል። ስክሪኑ ላይ በደንብ የታየ ስም በወረደው ፋይል ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በላቲን መጻፍ ግድ ከሆነ አጻጻፉን ቤተሰብ ይወስን። «ጽዮን» አንዱ ቤት በቲ ኤስ፣ ሌላው ቤት በዜድ ነው የምትጀምረው፤ መምህሩ በገዛ ጆሮው ከጻፈ ልጅቷ ራሷን አታገኝም።

ግዕዙም የራሱ ጣጣ አለው። «ጸሐይ» እና «ፀሐይ»፣ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ፍጹም የተለያዩ ስሞች ናቸው። ፍለጋ ላይ አንዱ ሲጻፍ ሌላው አይወጣም፤ መምህሩም ልጁ አልተመዘገበም ብሎ ሁለተኛ አካውንት ይከፍታል። በሕዝባር የሚጻፉትም እንዲሁ ናቸው፤ «ገ/መድኅን» እና «ገብረመድኅን» ሁለት ልጅ ሆነው ይቀመጣሉ። የእኔ ደንብ በልደት ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው አጻጻፍ ይያዝ፣ ሕዝባር አይግባ የሚል ነው። ለዚህም ነው ተራ ቁጥሩን የማጥብቀው። ሁሉም ነገር ሲያቅት «07» ብሎ መፈለግ ይቻላል።

ሙሉ የአባት ስም፣ የትውልድ ቀንና ፎቶ አላስገባም። ለብዜት ልምምድ አያስፈልጉም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ፕሮግራሙ የግድ የትውልድ ዓመት ከጠየቀ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ማስታወስ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከገባ ልጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያረጃል፤ ከ13 ዓመት በላይ ተብሎ የአዋቂ አካውንት ሊከፈትለት ይችላል።

ዝርዝሩን የማዘጋጀው ኤክሴል ላይ ነው፤ ብዙ ነገር የሚበላሸውም እዚያ ነው። ፒን ለመስጠት የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣውን፣ ራንድቢትዊን የሚባለውን ፎርሙላ ከ1000 እስከ 9999 አድርጎ 54 መስመር መጎተት ይበቃል። ችግሩ ይህ ፎርሙላ ሉሁ ላይ አንድ ነገር በተነካ ቁጥር ሁሉንም ቁጥር እንደገና ይቀይራል። ካርዱ ታትሞ አንድ ፒን፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ሌላ ፒን የሚሆነው በዚህ ነው። ቁጥሮቹ እንደወጡ ኮፒ አድርጎ እዚያው ላይ «ቫልዩ ብቻ» በሚለው ፔስት ማድረግ ያስፈልጋል። ከ1000 የምጀምረውም በምክንያት ነው። 0472 የሚል ፒን ኤክሴል ውስጥ ሲገባ ዜሮዋ ትጠፋና 472 ይሆናል፤ ልጁ አራት አሃዝ እየተጠየቀ ሦስት ይዞ ይቆማል። የተራ ቁጥሩ አምድም 07 ሆኖ እንዲቆይ ከመጻፍ በፊት «ቴክስት» ተብሎ ይቀየር። ተመሳሳይ ፒን ለሁለት ልጅ እንዳይወጣ፣ 1234 እና 1111 ዓይነቶቹም እንዳይገቡ ዓይን ጣል ማድረግ ነው። መጨረሻ ላይ ወደ ፕሮግራሙ የሚጫነው ፋይል ሲቀመጥ በተራው ሲኤስቪ ሳይሆን «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» በሚለው ይቀመጥ። በተራው ከተቀመጠ የግዕዝ ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይገባል፤ 54 የጥያቄ ምልክት አንድ በአንድ ከማረም መደምሰስ ይሻላል።

ካርዱ የመጫወቻ ካርታ ያህል ነው። ላዩ ላይ ተራ ቁጥር፣ ስሙ ልክ ስክሪኑ ላይ እንደሚታየው፣ ፒን፤ ሌላ ምንም የለበትም። በስፋት ባለው ስኮች ሁለቱን ጎን መለጠፍ ይበቃል፤ ላሚኔሽን ከተገኘ የተሻለ ነው። ካርዱ ከክፍል አይወጣም፤ በባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ በተራ ቁጥር ተደርድሮ ይቀመጣል። ለቤት የሚሄደው ሌላ ወረቀት ነው።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ታብሌቱ 12 ነው። አንድ ልጅ ለመግባት 2 ደቂቃ፣ ለመለማመድ 6፣ ለመውጣትና ለመቀያየር 2 ደቂቃ ይወስድበታል። በወረቀት ላይ 4 ዙር፣ 48 ልጅ ይሆናል። በተግባር ከ3 ዙር አያልፍም፤ 36 ልጅ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍሉን በሁለት ቀን ከፍዬ 27 በ27 አደርጋለሁ፤ የሚተርፈው ቦታ ባለፈው ኔት ለተቋረጠባቸው ነው። በስልክ ሆትስፖት የሚሠራ ሰው ደግሞ ብዙ ስልኮች ከ8 ወይም ከ10 መሣሪያ በላይ እንደማያስተናግዱ ይወቅ። 12ቱን በሁለት ስልክ መክፈል ነው፤ አለዚያ የመጨረሻዎቹ ሁለት ልጆች «ቲቸር፣ አልገባልኝም» እያሉ ዙሩ ያልቃል።

በጋራ ታብሌት ላይ ትልቁ በሽታ ያልተዘጋ አካውንት ነው። የመጀመሪያው ዙር ልጅ ሳይወጣ ታብሌቱን አቀብሎ ይሄዳል፤ ቀጣዩ «ጀምር» የሚለውን ሲያይ ይጀምራል። ሁለቱም ላይ ጉዳት አለ። አንዱ ያልሠራው ስህተት ይጻፍበታል፣ ሌላው እንደቀረ ይቆጠራል። ብሮውዘሩም ያግዛቸዋል፤ የይለፍ ቃል ላስቀምጥ ወይ ብሎ ጠይቆ ልጁ እሺ ካለው ከዚያ በኋላ ለሁሉም ያንኑ ስም ይሞላል። በ12ቱም ታብሌት ላይ የይለፍ ቃል ማስቀመጫውን ዘግቼ፣ የተቀመጠ ካለ አጥፍቼ፣ ብሮውዘሩን በስውር ገጽ (ኢንኮግኒቶ) ነው የማስከፍተው፤ ገጹ ሲዘጋ አካውንቱም አብሮ ይወጣል። በተጨማሪ አንድ ልማድ አለ፤ ከመጀመር በፊት ልጁ ካርዱን ከስክሪኑ ጎን አድርጎ ሁለቱን ቁጥሮች ጮክ ብሎ ያነባል። «ሰባት፣ ሰባት።» የክፍሉ አለቃ እየተዘዋወረ ይሰማል። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚሠራውን ውጤት የሚልኩት ልምምዱ ሲያልቅ ነው። መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ከሞተ ያ ልምምድ ላይመዘገብ ይችላል። ልጁ ገጹን ሳይዘጋ ኔት እስኪመለስ መጠበቅ አንዳንዴ ያድናል። ካልተመለሰ ተራ ቁጥሩን ጽፎ መያዝ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ «አልሠራም» ሲል ሰነፍ ከሚባለው ልጅ እንዲለይ።

የመልስ ጊዜ ገደብ እንደ አካውንቱ አንድ ክፍል መታየት አለበት። በነጻ የሚሰጠው ኤክስትራማዝ የሚባል ፕሮግራም ላይ ልጁ የሚገባው በመምህሩ ኢሜይል፣ በስሙና በአራት አሃዝ ፒን ነው፤ የተለመደው ገደብም ለአንድ ጥያቄ 3 ሰከንድ ነው። ታብሌት ነክቶ ለማያውቅ ልጅ 56 ብሎ ለመጻፍ ብቻ 3 ሰከንድ ሊያልቅ ይችላል። ፕሮግራሙ ይህን እንደ አለማወቅ ይቆጥረዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ለልጁ ስክሪኑ ላይ የሚያየውን ቁጥር ዝም ብሎ እንዲጽፍ መስጠት። ያለ ምንም ስሌት ሁለት አሃዝ ለመጻፍ ከ2 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት ለእሱ አካውንት ገደቡ ረዘም ይበል፤ ጣቱ ሲፈታ ይመለሳል። ልጁ ከየት እንደሚጀምር የሚለየውን መነሻ ፈተና በመጀመሪያው ቀን አላስወስድም። የመጀመሪያው ቀን መግባትና መውጣት ብቻ ነው።

ሰዓትና ቀን ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳይ ነው። ሴቲንግ ውስጥ የሰዓት ክልል ካለ አዲስ አበባ፣ ከሌለ ናይሮቢ ይመረጥ፤ አንድ ናቸው። ክልል የማያስመርጥ ፕሮግራም ሪፖርቱን በግሪንዊች ሰዓት ሊያወጣው ይችላል። ያኔ ወደ እኛ ሰዓት ለመቀየር 3 መቀነስ ይበቃል። ሪፖርቱ 5፡30 ካለ ልጁ የሠራው ጠዋት 2፡30 ነው፤ 11፡00 ካለ ከሰዓት 8፡00 ነው። የሚያስቸግረው ቀኑን በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት የሚቆጥረው ነው። የእነሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ ረፋድ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ 5 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 4 ሰዓት ላይ። ስለዚህ ሰኞ ማታ ቤቷ የሠራች የጠዋት ፈረቃ ልጅ ማክሰኞ 3 ሰዓት ላይ ስትገባ «ለዛሬ ጨርሰሻል» ትባላለች፤ ለፕሮግራሙ ገና ሰኞ ነው። መፍትሔው የጠዋቱ ፈረቃ ልምምድ ከ5 ሰዓት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ እንዲሆን ማድረግ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ላይ ይህ ችግር የለም።

ቤት የሚሠሩት ጥቂት ናቸው፤ ስልኩ ቀን ቀን ከአባት ጋር ሥራ፣ ወይም ከእናት ጋር ቅዳሜ ገበያ ነው። ለወላጅ የሚሄደው ወረቀት ላይ በትልቁ የምጽፈው «አዲስ አካውንት እንዳይከፍቱ» የሚል ነው። ገጹን ከፍተው «ተመዝገብ» የሚለውን ሲያዩ ይመዘግባሉ፤ ልጁም ቤት አንድ፣ ትምህርት ቤት ሌላ ልጅ ይሆናል። ሁለት ከሆነ አብዛኛው ፕሮግራም አያዋህዳቸውም፤ መነሻ ፈተና የተወሰደበትን አስቀርቶ ሌላውን መዝጋት ነው። ሌላው ወንድምና እህት ነው። በክፍል 40 ከመቶ የነበረ ልጅ እሑድ ማታ እያንዳንዱን ጥያቄ ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መልሶ 98 ከመቶ ካመጣ ታላቅ እህቱ ገብታለች። በድንገት የወደቀ ከሆነ ታናሹ ነው። ለዚህ ልጅ መቆጣት አያስፈልግም፤ 20 ጥያቄ በወረቀት፣ በአንድ ደቂቃ፣ ክፍል ውስጥ ከሠራ እውነቱ ይወጣል። ካልገጠመ መነሻ ፈተናውን እንደገና መክፈት ነው። ወላጅን ስናነጋግርም «እናንተ አጠገቡ ሁኑለት፣ መልሱን ግን እሱ ይጻፍ» ማለት ከበቂ በላይ ነው።

የመምህሩ አካውንት በግል ኢሜይል ከተከፈተ መምህሩ ሲዛወር ክፍሉም አብሮ ይዛወራል። ለዚህ ሥራ ብቻ የተከፈተ ኢሜይል፣ ሁለተኛ መምህር በአስተዳዳሪነት፣ የመልሶ ማግኛ ኮዶቹ ታትመው ርእሰ መምህሩ ጋ በታሸገ ፖስታ። ኮዱ በሲም ካርድ ብቻ እንዲመጣ መተው አደጋ አለው፤ ሲም ይጠፋል።

ሰኔ ላይ ክፍሉን አልደመስሰውም፤ «4ለ 2017» ብዬ ስሙን ከነዓመቱ ቀይሬ ወደ ማኅደር እልከዋለሁ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ክረምት ላይ ያልተነካ ክፍል ያጸዳሉና ከመዝጋት በፊት ሪፖርቱን አውርጄ አትማለሁ፤ ለአንድ ልጅ አንድ መስመር፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ከ0 እስከ 9 ካሉት 100 ብዜቶች ስንቱን እንደያዘ። (ቦታ ሲለዋወጡ አንድ የሆኑት ከተቀነሱ 55 ብቻ ናቸው፤ ለ5ኛ ክፍል መምህር ያልተያዙትን ከዚህ ዝርዝር መስጠት ይቀላል።) መስከረም ላይ አካውንቱ ወደ አዲሱ ክፍል ሲዛወር ተራ ቁጥሩ ከአዲሱ ስም መጥሪያ ይወሰዳል፤ ፒኑ ይቀየራል። ያለፈው ዓመት ፒን በክረምቱ ጓደኛ ሁሉ ያውቀዋል።